አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ

የኑርሀያት ስም ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ የት የት እንደደረሰ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ምን የሷ ስም ብቻ! ፈረንጅ ሲጠቅስ በአባት ስም ነውና፣ ዕድሜ ልካቸውን ጀልባ ሲቀዝፉ የኖሩት አባቷ ዘይኑልአቢዲን ዓለም የሚጠቅሳቸው ሊቅ ሆነው ቁጭ አሉ። በአንድ ጥናት ብቻ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ! አዲስ ሰው በጠቀሳት ቁጥር ኢሜይል ይደርሳታል። ድሮ ደስታዋን አትችለውም ነበር። አሁን ሳትከፍት ታጠፋዋለች።

ሙያዋ ኢሚዩኖሎጂ ነው፤ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚመክት ታጠናለች። በደማችን ያሉት መካች ሴሎች ንጋት ላይ በርከት ይሉና ቀትር ላይ ይቀንሳሉ። የሐይቁን ትል፣ ብልሃርዝያን፣ የተሸከመ ዓሣ አጥማጅ ላይስ ይሄ ይለወጥ ይሆን? የዶክትሬት ጥያቄዋ ይህ ነበር። እሷ አዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀመጠች፤ ደሙን ነርስ ፈንታሁን እዚህ ሐይቅ ቀዳላት። ለማነጻጸሪያ፣ ትሉ የሌለባቸውን የአምባሰል ገበሬዎች ንጋትም ቀትርም ቀድቶ፣ ሰዓቱን እንደታዘዘው በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፈ። ዓሣ አጥማጆቹ ግን ቀትር ላይ ብቻ እንዲቀዱ ነበር የታዘዘው፤ እነሱን መሰብሰቡንና መመዝገቡን ለአባቷ ተወላቸው። ሰዎቹን የሚያውቋቸው እሳቸው ናቸዋ።

መዝገቡ ሲደርሳት "አሥራ ሁለት ከሩብ፣ አሥራ ሁለት ተኩል" ይላል። በፈረንጅ አሥራ ሁለት ቀትር ነው፤ ያዘዘችውም ቀትር ነው። ምን ትጠርጥር! ሴሎቹ ሲቆጠሩ ከገበሬዎቹ የንጋት ደም እኩል ሆኑ። ጉድ ተባለ። ትሉ የሰውነትን ሰዓት ያዛባል ተብሎ ታተመ። በዚያ ወረቀት ተቀጠረች፤ በዚያው ቤተ ሙከራ ተከፈተላት፤ ስምንት ሰው ሥራ ያዘበት።

ከአራት ዓመት በፊት ለዒድ ሐይቅ መጥታ፣ ያን ጊዜ ሰዎቹን በቀትር ፀሐይ ስላንገላታቻቸው አባቷን ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

"ቀትር?" ሳቁባት። "ቀትር ላይ ዓሣ አጥማጅ የት ይገኛል፣ አንቺ! ሸጦ፣ በልቶ ተኝቷል። እኔ ጎህ ሲቀድ፣ ጀልባው ሲገባ ጠብቄ ነው ያስቀዳሁልሽ። ፈንታሁንም እሺ ብሎኛል። አሥራ ሁለት ከሩብ ብዬ ጽፌልሽ የለ!"

ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። ወላሂ ሳስበው ያናድደኛል! የሐይቅ ልጅ አይደለች እንዴ? ዓሣ አጥማጅ ሰዓቱን በፈረንጅ እንደማይቆጥር እንዴት ይጠፋታል? ፈረንጆቹስ እሺ፣ አያውቁም። እሷ ግን የገዛ አባቷን ሰዓት ረሳች።

ነገ ለመጽሔቱ እጽፋለሁ አለች። ነገ ሲሆን እድገቷ ደረሰ። ከዚያ ደግሞ ሌሎች በሷ ጥናት ላይ ሌላ ጥናት ሠሩ፤ በዚያም ላይ ሌላ። አሁን ብትናገር ስንቱ ይፈርሳል? ዝም ብትልስ እስከ መቼ?

በመሃል ሒክማ መጣች፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ፣ እሷም የሐይቅ ልጅ። ያንኑ ጥናት ልድገም ብላ፣ ዓሣ አጥማጆቹን ከእንቅልፋቸው እየቀሰቀሰች በእውነተኛው ቀትር ቀዳቻቸው። ሴሎቹ ይቀንሳሉ። ደግማ ብትቀዳም ያው ነው። "እጄ ነው፤ እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም" እያለች ታለቅሳለች። ኑርሀያት "አብሽሪ፣ እንደገና ሞክሪ" ትላታለች። ይህን ባለች ቁጥር ራሷን ትጠላለች።

ባለፈው ሰኔ ሒክማ የመመረቂያ ጽሑፏን ታቅፋ እየሳቀች ገባች።

"ዶክተር፣ ተሳካልኝ! አልሀምዱሊላህ!"

ኑርሀያት ሠንጠረዡን አየችው። ሴሎቹ ቀትር ላይ አልቀነሱም። ይህ እንደማይሆን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

"የቀነሱትስ? አርባ ምናምን ሰዎች ነበሩ እኮ።"

"ከሠንጠረዡ ጣልኳቸው። ከእርስዎ ውጤት ጋር ካልሄደ የኔ ስህተት ነዋ።"

ያኔ ኑርሀያት አልቻለችም። በሩን ዘግታ ሁሉንም ነገረቻት፤ የአባቷን መዝገብ፣ ጎሁን፣ አራቱን ዓመት። ሒክማ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን ስረግም እያዩኝ?"

"አዎ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ለመጽሔቱ እጽፋለሁ። ትክክሉ ያንቺ የመጀመሪያው ውጤት ነው፤ አምጪው።"

"ከየት ላምጣው? ደሙን ደፍቼዋለሁ። መዝገቡንም ቀድጄዋለሁ።" ሒክማ ከወንበሩ ተነሳች። "እርስዎ ከተናገሩ እኔ ምን ብዬ ልቆም ነው? እናቴ ለምርቃቴ ቀን ቆርጣ አገሩን ጠርታለች። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይናገሩ። አሁንማ እኔም አለሁበት።"

ሒክማ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ ጽሑፉን ገለጠችና ለኑርሀያት እስክሪብቶ አቀበለቻት።

"የሚፈርሙት እዚህ ጋ ነው" አለቻት።