የቀኙ ጉልበት ጨርቅ

ሰይድ የሠራው ጨርቅ ራሱን ጠገነ ይላሉ፤ ቢቸናም ሞጣም። አልጠገነም። የጠገንኩት እኔ ነኝ፣ በሊስትሮ ማስቲሽ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ሰይድ የሞጣ ነጋዴዎች ልጅ፣ የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስና መምህር፣ የቆየ ወዳጄም ነው። እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ፣ ሲቀደድም ጠርዝና ጠርዙን አገናኝተው ሲተዉት መልሶ የሚገጥም ጨርቅ ይሞክር ነበር። በሁለት ዓይነት አሠራር ሁለት የጉልበት መሸፈኛ ሠርቶ ቢቸና አመጣልኝ። አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አጠለቅሁ፤ የስቅለት ስግደት ይፈትናቸው ተባባልን።

«እኛ በየቀኑ እንሰግዳለን፤ ጉልበት የምትጨርሱት ግን እናንተ ናችሁ» ብሎ ሳቀብኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ ጠጠር ላይ ሁለቱም ተቀደዱ። ሱሪዬን ሰብስቤ ቀዳዳውን ሳይ አንድ መሪጌታ ደረሱብኝና ነገሩን አስረዳኋቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ በተአምር አላምንም ስትል ከርመህ በጨርቅ አመንህ?» ብለው ሰዉን አሳቁብኝ።

«እስከ ማክሰኞ ይገጥማል» አልኩ።

ማክሰኞ አልገጠመም። ሰው ሁሉ ያመነውን በጽሑፍ መጠራጠር እንጀራዬ የሆነው እኔ፣ በአንድ መሪጌታ ላለመሸነፍ ብዬ የቀኙን በማስቲሽ አጣበቅሁት። ግራውን ጠርዝና ጠርዙን እንዳገናኘሁት ተውኩት። መሪጌታው አይተው ለሰዉ ሁሉ አወሩ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሰይድ መጣ። ያኔ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። ቀኙን ለጠጠው፤ ያዘ። አልጠረጠረም፤ የሰጠሁት እኔ ነኛ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግራውን «ይሄ አይረባም፣ ጣለው» ብሎኝ ሄደ።

አልጣልኩትም። ከሳምንት በኋላ ሳነሳው ገጥሟል። ማንም ሳይነካው፣ ቀስ ብሎ ገጥሟል። አየሁ። አይቼም ዝም አልኩ።

ይኸው ሦስት ዓመት። ሰይድ ማስተማሩን ትቶ የቀኙን አሠራር ይደጋግማል፤ አንዴም አልተሳካለትም። ባለፈው ሞጣ ሄጄ ሳገኘው «ይሄ ነገር አንተ ጉልበት ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። ከማጣበቄ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቄ ነው። የዋሸሁት ለመሪጌታው ነው ብዬ ልጽናና? ዕድሜውን የበላሁት የሰይድን ነው።

ፊቱ ቆሜ ልነግረው ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅርታችሁንም አልፈልግም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ሞጣ የምትሄዱ ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ ውሰዱለትና ቁጭ አድርጋችሁ አስነብቡት።