ጣራ ላይ የቀረው ጥርስ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ወድቃ የፊት ጥርሷ ወለቀና አዘዞ ወደሚገኝ የጥርስ ክሊኒክ ይዘናት ሄድን፤ በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ የቅርንፉድ ዘይት ሽታ ነው። አስተማሪዋ ጥርሱን ወተት ውስጥ አድርጋ ልካው ስለነበር፣ ሐኪሙ ሥሩን ሳይነካ አለቅልቆ ወደ ቦታው መለሰውና በቀጭን ሽቦ ከግራና ቀኙ ጥርሶች ጋር አሰረው። ቤተሰቡ ሁሉ ፈጣሪውን ሲያመሰግን እኔ ብቻ በንዴት ጦፍሁ። ይህን ያህል ቀላል ኖሯል?

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ድብ ባሕር በምትባለው መንደራችን፣ ገብሱ በታጨደበት ሜዳ፣ የጠዋቱ ውርጭ ገና ሳይለቅ የገና ጨዋታ ተጀምሮ ሳለ፣ ሩር የምትባለው የእንጨት ኳስ ከአንድ ጎረምሳ ዱላ ተስፈንጥራ አፌን መታችኝና የላይኛው የፊት ጥርሴ ከነሥሩ እጄ ላይ ወደቀ። የወተት ጥርሶቼን ከለወጥሁ ቆይቼ ነበርና ሌላ ምትክ አልነበረኝም። እናቴ ሮጣ መጥታ ጥርሱን አገላብጣ አየችው።

«አያ፣ ሥሩ እኮ ደኅና ነው፤ ወደ ቦታው ልመልሰው» አለች።

አያ ወርቁ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን አዛዥ የሆኑት ታላቅ ወንድሟ፣ ሜዳው እስኪሰማ ሳቁባት።

«ጥርስ ካስማ መሰለሽ እንዴ፣ መልሰሽ የምትተክይው? ምነው ታሳፍሪናለሽ! ወፏ ሸጋውን ታመጣለታለች።»

«የወተት ጥርስ አይደለም እኮ፣ አያ!»

አልሰሟትም። ሕፃናት የወተት ጥርሳቸው ሲወልቅ እንደሚያደርጉት፣ ጥርሴን የቤታችን ሣር ክዳን ላይ ወርውሬ ወፏን አዲስ እንድለምናት አዘዙኝ፤ ደም እየተፋሁ ስለምናት ጎረምሶቹ በሳቅ ፈረሱ። ጾም የተፈታበት ዕለት ነበርና ጓዳችን ውስጥ ወተቱ በማለቢያው ሙሉ ተቀምጦ ነበር። እኔም ወፏን አምኜ እስከ ክረምት ድረስ ባዶ ድዴን በምላሴ ስፈትሽ ቆየሁ።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አንድ የሕክምና መምህር ብጠይቅ፣ ወዲያው ቢመለስ ኖሮ ሊይዝ ይችል እንደነበር ነገረኝ። አለማወቃቸውን ይቅር እላለሁ፤ በዚያ ዘመን ማን ያውቅ ነበር? ይቅር የማልለው ሳቁን ነው፤ አንዲት እናት በዓይኗ ያየችውን በመናገሯ ብቻ እንደ እብድ የተቆጠረችበትን ሳቅ። ከዚያ ቀን ወዲያ በወንድሟ ፊት አሳብ ስትሰጥ ሰምቻት አላውቅም።

ጎንደር ከተማ ከእናቴ ጋር የተነሣነው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ አለኝ፤ ሁለታችንም አፋችንን ገጥመን ተቀምጠናል። እኔ ክፍተቴን ልሸሽግ ነው። የእናቴ ጥርስ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ሙሉ ነበር።