ሳሎናችን ውስጥ የነደደው ባትሪ

ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የገዛው ቤንዚን ፍለጋ ሰልፍ ላይ መዋል ሲሰለቸው ነው። የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሥራው ከሆሳዕና እየወጣ በፎንቆ በኩል ያሉትን ቀበሌዎች መዞር ነው። ማደያ ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ ከገበሬው ማሳ የሚደርሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር። አዲሷ ሞተር ድምፅ አልነበራትም። ግቢ መግባቷን የምናውቀው ውሻው ሲነሳ ነው።

ባትሪው ከመቀመጫዋ ሥር ይወጣል። እጀታ አለው፤ ትንሽ ሻንጣ ያክላል፤ ሲያነሱት ግን ይከብዳል። ባለቤቴ ሌባ እንዳይወስደው ሲመሽ ሳሎን ያስገባውና በሩ ጥግ፣ ቴሌቪዥኑ ከተሰካበት ዲቫይደር ላይ ይሰካዋል። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ «ጥጃው» ይሉታል፤ ማታ ቤት ስለሚገባና ስለሚታሰር። ጠዋት ሲነሱ «ጥጃው ጠገበ ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

እኔ መምህርት ነኝ፣ የአንጋጫ ልጅ፤ አፌን የፈታሁት በከምባትኛ ነው። እሳቸው ሀዲይኛ ተናጋሪ ናቸው። ሁለቱ ቋንቋዎች ስለሚቀራረቡ የሚናገሩት ግማሹ ይገባኛል፤ ሆኖም እኔና እሳቸው የምንግባባው በአማርኛ ነው። ልጅ አልወለድንም። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን።

ክረምት ላይ ባለቤቴ ከፎንቆ ሲመለስ ጭቃ አንሸራቶት ወደቀ። ጉልበቱ ተልጦ መጣ። ለብ ባለ ውሃና በጨው አጠብኩለት። ጎረቤት ሊጠይቀው መጣ፤ ስለ ጉልበቱ ብዙ ተወራ። የባትሪው አንዱ ማዕዘን ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። እሱ ጭቃውን በጨርቅ ጠረገና ሰካው። መብራቱ በራ። በቃ፣ ይሠራል ተባለ።

ብዙም ሳይቆይ ቻርጀሩ ተበላሸ። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ አቃጥሎት ይሆናል ብለን ገመትን። ባለቤቴ ገበያ ወርዶ ያገለገለ ቻርጀር ገዛ። ጫፉ ልክክ ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ መሞቅ ጀመረ። አንድ ቀን ሳሎኑን ስጠርግ እጄን አሳረፍኩበት፤ የሚነካው ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ነበር።

«ይሄ ነገር ይሞቃል» አልኩት።

«ቻርጀሩ ፈጣን ስለሆነ ነው። አታዪውም፣ ቶሎ ይሞላል።»

እውነትም ቶሎ ይሞላ ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስላልነበረ ባለቤቴ ባትሪውን እንደተሰካ ትቶት በታክሲ ሞርሲቶ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። እኔ ጓሮ ልብስ አጥባለሁ። አማቼ ክፍላቸው ጋደም ብለዋል፤ የክፍላቸው በር የሚከፈተው ወደ ሳሎን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። ምድጃ ላይ ግን ምንም አልጣድኩም። ቀና ስል በኩሽናው በር በኩል ነጭ ጭስ ወለሉን ይዞ እየተሳበ መጣ። የእንጨት ጭስ አይደለም፤ ሽታው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይመስላል። ገባሁ። ባትሪው ያፏጫል፤ በተጨረመተው ማዕዘን በኩል ጭሱ በግፊት ይወጣል። የፊት ለፊቱ በር ከእሱ አጠገብ ስለሆነ በዚያ መውጣት አይቻልም።

የአማቼን ክፍል ከፈትኩ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው በእግራቸው ጫማቸውን ይፈልጋሉ።

«አባባ፣ ይነሱ።»

«ጫማዬን ላድርግ እንጂ።»

«ጫማው ይቅር።»

ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። ከባድ ሰው ናቸው። ሳሎኑን ስናቋርጥ አንድ ነገር ፈነዳ፤ ወዲያው ሌላ ተከተለ፤ ነበልባሉ ከተቀደደ ቧንቧ እንደሚወጣ ውሃ ወደ ጎን ተወረወረ። አማቼ በሀዲይኛ ተናገሩ። ያን ጊዜ የገባኝ ግማሹ ብቻ አልነበረም፤ «አትልቀቂኝ» ነበር ያሉት። በኩሽና በኩል ወጣን።

ጎረቤት ደረሰ። አንዱ ሮጦ ከቆጣሪው ላይ መብራቱን አጠፋ። ሌሎቹ በባልዲና በጀሪካን ውሃ ተቀባበሉ። የኮርኒሱ ጨርቅ እየነደደ ሶፋው ላይ ወረደ። በኋላ አንድ ሰው አፍንጫውን በእርጥብ ፎጣ አስሮ ባትሪውን በመቆፈሪያ እየጎተተ ግቢ አወጣው። ውሃ ደፉበት፤ ዝም አለ። ሰዉ እፎይ ብሎ የሳሎኑን ጉዳት ሊያይ ሲገባ ማንም ሳይነካው እንደገና ተቀጣጠለ። ደግመው ውሃ ደፉበት። ከዚያ በኋላ የሚቀርበው አልነበረም፤ እስኪመሽ ድረስ ራቅ ብለው ቆመው ጠበቁት።

እኔም ቆሜ ነበር። እጄ ላይ ያልተጨመቀ ሸሚዝ አለ፤ ውሃው በቀሚሴ ላይ ይወርዳል። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ሰው ሁሉ ማልቀሴን ይጠብቃል፤ ማልቀስ እንደሚገባኝ እኔም አውቃለሁ። ሆዴ ውስጥ ግን የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። የሰው ቤት ሲቃጠል እንደማይ ነበር የማየው።

ባለቤቴ ተደውሎለት ሲደርስ መጀመሪያ አባቱን ዳበሳቸው፤ ቀጥሎ እኔን።

«ምን ሆንሽ? ተቃጠልሽ?»

«ልብሱ አልተጨመቀም» አልኩት።

ሸሚዙን ከእጄ ተቀበለኝና ቆመ።

በቀጣዮቹ ቀናት ሰው እንደ ለቅሶ ቤት መጣ። ጎረቤታችን ሳሎኗን ለቀቀችልን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጸለዩ፤ እናቶች ዘመሩ። «ንብረት ይተካል፣ ነፍስ ተርፏል» ይሉኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ምስጋናው ከልቤ አልነበረም ማለት አልችልም፤ ከአፌ ይወጣል፣ ከየት ተነስቶ እንደሚወጣ ነው የማላውቀው። የሚቀርብልኝን እበላለሁ። ጨው ይብዛበት ይነስበት አልለይም። ባለቤቴ አመዱን ሲጠርግ ይውላል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለማለቱ ተስማማኝ።

ቤቱ እስኪጠገን እናቴ ዘንድ አንጋጫ ሄድኩ። ወቅቱ የድንች ነበር። ከእናቴና ከታላቅ እህቴ ጋር ተቀምጬ ለገበያ የሚወጣውን ከተቆረጠውና ከበሰበሰው እለያለሁ። ሥራው ስለማያናግር ወደድኩት። እናቴ አንድ ቀን ብቻ «ብታለቅሺው ይሻልሽ ነበር» አለችኝ።

«እምቢ አለኝ እማ።»

«ተዪው እንግዲህ። ድንቹን ስጪኝ።»

ባለቤቴ ይደውላል። ስለ ምስማር፣ ስለ ቆርቆሮ እናወራለን። አማቼም ስልኩን ይቀበሉታል፤ ከጭሱ ወዲህ ያስላቸዋል፤ «ሳሉ እንዴት ነው አባባ?» እላቸዋለሁ፤ «አለ» ይላሉ።

አንድ ከሰዓት አልጋ ሳነጥፍ ትራስ ሥር እጄ ሞቅ ያለ ነገር ነካ። የእህቴ ስልክ ነው፤ ቻርጅ ላይ ሰክታ ትራስ ጭናበታለች። ጀርባው ተነስቷል፤ እንዳይወድቅ በላስቲክ አስራዋለች። ነቀልኩት፤ አጠፋሁትና ደጅ ወጥቼ ከጣሪያው ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። እህቴ ተከትላኝ ወጣች።

«ትንሽ አበጠ እንጂ ይሠራል። ስጫነው ይገባል እኮ።»

«አትጫኚው።»

«እሳቱ አስፈርቶሻል።»

«አልፈራሁም» አልኳት። እውነቴን ነው። ፍርሃት ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። እጄ ብቻ የሚያደርገውን ያውቃል።

ሆሳዕና ስመለስ በደህና የሚያስወግድልን ሰው ለማግኘት ስልኩን ይዤ ሄድኩ። እህቴ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ላይ አስተኛችልኝ፤ ታክሲ ውስጥ ጣሳውን በጭኔ ይዤ፣ ሻንጣ እንዳይጫነው እየተጠነቀቅኩ ደረስኩ። ባለቤቴ መናኸሪያ ጠበቀኝና የስልክና የሞተር ባትሪ ወደምትሸጥ ሴት ወሰደኝ። ቤተሰቦቿ ከጉራጌ መጥተው ከተማው ውስጥ ሲነግዱ ያረጁ ናቸው። ጣሳውን ስታይ ከነአሸዋው ደጅ፣ ከሱቁ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ያበጠ ነገር አይነካካም» አለች። «አይወጋም፣ ቆሻሻ ውስጥም አይጣልም። ከሌሎቹ አሮጌዎች ጋር አስወስደዋለሁ።»

ባለቤቴ ስለ እኛ ባትሪ ነገራት፤ ስለ ውድቀቱ፣ ስለ ቻርጀሩ። አንድም አልደበቀም። «ከሁለቱ የቱ ነው?» አላት።

«ከአመድ ምን ይታወቃል ወንድሜ? ሲወድቅ ውስጡ ተጎድቶ ይሆናል። ቻርጀሩም ይሆናል፤ ጫፉ ገባ ማለት ቮልቱ ልክ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ ተጋግዘውም ይሆናል። የወደቀ ባትሪ ሳይታይ አይሰካም። መሞቁን ስታዩ ግን መንቀል ነበር።»

«ነግራኝ ነበር» አለ ባለቤቴ። ወደ እኔ አልዞረም።

ሴትየዋ ሁለታችንንም አየችን። «ሰው ተርፏል አይደል?» አለችና ሌላ ደንበኛ ልታስተናግድ ሄደች።

መንገድ ላይ ጠየቀኝ። «ያለ ሞተር ሥራው አይሆንም። ሌላ ባትሪ ልግዛ? አንቺ ካልሽ ይቀራል።»

«ግዛ» አልኩት። መልካም ሚስት ለመሆን አይደለም። ቢገዛም ባይገዛም ለእኔ ያው ነበር።

ቤት ስደርስ ሁለት አዲስ ነገር አየሁ። የአማቼ ክፍል ግድግዳ ተፈልፍሎ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ወጥቶለታል። ከቤቱ ራቅ ብሎ ደግሞ ግቢው ጥግ ላይ ሲሚንቶ የፈሰሰበት፣ በብሎኬት የተከለለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ትንሽ መጠለያ ተሠርቷል። የብረት ፍርግርግ በር አለው፤ አየር ይገባል፣ ቁልፍ አለው። ሶኬቱን ኤሌክትሪሺያን የራሱ ማጥፊያ ያለው መስመር ስቦ ተክሎታል። ዲቫይደር የለም። አጠገቡ ወረቀትም ጨርቅም አይቀመጥም።

አዲሱ ባትሪ ከራሱ ቻርጀር ጋር መጣ። ባለቤቴ ከመስክ ሲመለስ እስኪበርድ ያቆየዋል፤ ዝናብ ከነካው ጠርጎ፣ መሰኪያው መድረቁን አይቶ ነው የሚሰካው። የሚሰካው ሰው ግቢ ሲኖር ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ያ ሰው እኔ ነኝ። በርጩማዬን ራቅ አድርጌ እቀመጥና የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። በየመሐሉ ሄጄ መዳፌን አሳርፍበታለሁ። ሲሞላ እነቅለዋለሁ። ጎረቤቶች «አሁንም አልለቀቀሽም?» ይሉኛል። የያዘኝ ነገር እንደሌለ ማስረዳት ስለሚያስቸግር «ቀስ በቀስ» እላቸዋለሁ።

የአማቼ ሳል አልጠፋ ሲል ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ተመረመሩ፤ ሐኪሙ ሳንባቸው ደህና ነው፣ ጉሮሯቸው ተቆጥቷል እንጂ አለንና መድኃኒት ጻፈ። ስንወጣ ካፊያ ነበር። እርቦኛል ስላሉ አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገባን። አምባሻና ሻይ ቀረበልን። እሳቸው ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ውጭውን ያያሉ፤ ባጃጆች ውሃ እየረጩ ያልፋሉ።

ሳላስበው ብርጭቆዬን አንስቼ ተጎነጨሁ። ሻዩ ምላሴን አቃጠለው። ዓይኔ ውሃ ሞላ። ስኳሩ በዝቷል፤ ቅርንፉድ አለበት። ሁለቱም ታወቁኝ።

«ትኩስ ነው» አልኳቸው።

«ቀስ ብለሽ ጠጪ» አሉኝ። «ዝናቡም ገና ነው፤ የሚያስቸኩለን የለም።»