የበርበሬው አሻጥር

ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ ሚስት የጓሮዋን ቲማቲም ልነካ ስል «ጋሼ፣ መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ!» ብላ በጆግ ውኃ ይዛ ቆመችብኝ። በዚህ ዕድሜዬ! እኔ ቲማቲሙን ምን አደርገዋለሁ ብዬ ተቆጣሁ...

የተቆጣሁት ግን ለይምሰል ነው። ምን እንደማደርገው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በደርግ ጊዜ ዛሪማ ውስጥ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። ደባርቅ የሚያስተምር ወዳጄ አንድ የቆየ መጽሔት ሰጠኝ። ትምባሆን ስለሚያሳምም ቫይረስ ይተርካል። ሊቃውንቱ ክፋቱን ገፈው፣ ጠቃሚ ዘረ መል ጭነው፣ ወደ ተክል ውስጥ ሊሰዱት እየሞከሩ ነው ይላል... ልክ እንደ ጭነት በቅሎ።

እዚያ ላይ ስደርስ ማንበቤን ትቼ ማለም ጀመርኩ።

ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ጠዋት ጠዋት ከማኅበሩ የበርበሬ ችግኝ መደብ አጠገብ እቀመጣለሁ። ተደብቄ ከሱረቴ አንድ ቁንጥር በአፍንጫዬ እስባለሁ። ትምባሆ በእኛ አገር ነውር ነው፤ ቢታወቅብኝ አብሮኝ የሚበላ አይኖርም። ከዚያ ቅጠሉን በጣቴ እየዳሰስኩ፣ በጅማቱ ውስጥ ሽቅብ የምትወጣ፣ ከአቧራ የምታንስ በቅሎ ይታየኛል...

ችግኙን የሚጠብቁት እትዬ ብርቄ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ።

«እትዬ፣ አንድ ቀን ማር ማር የሚል በርበሬ አበቅልልዎታለሁ።»

«አንተ ደግሞ! መጀመሪያ የምታገባህ ሴት ፈልግ።»

እንዲህ ስንቀላለድ ሰነበትን... ከዕለታት አንድ ቀን ቅጠሉ ተዥጎረጎረ። ቢጫና አረንጓዴ፣ እንደ ካርታ። ደግሞ ያምራል! እኔ እንኳ በቅሎዬ የደረሰች መስሎኝ ነበር። ቅጠሉ እየተጨማደደ ሲሄድ ግን ደነገጥኩ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ችግኙን በጣቱ እየነካካ አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ ጮኸ።

«ይኼ አሻጥር ነው! እትዬ ብርቄ፣ እስከ ሐሙስ ጥፋተኛው ካልተገኘ ደባርቅ ይላካሉ!»

ደባርቅ ማለት ያን ጊዜ እስር ቤት ማለት ነው። እትዬ ብርቄ አላለቀሱም። መደቡ ዳር ቁጭ ብለው የታመሙትን ቅጠሎች በነጠላቸው ጫፍ ያብሱ ጀመር...

መድኃኒት ፍለጋ መጽሔቱን አነሳሁ። ከበቅሎዋ ወዲያ ያላነበብኩት አንድ ገጽ ነበር። መዝገበ ቃላቱን እያገላበጥኩ ዘለቅሁት። መድኃኒት የለውም። ከትምባሆ ወደ በርበሬ ይሻገራል። የሚያሻግረው የሰው እጅ ነው፤ ትምባሆ የነካ ሰው እጁን ሳይታጠብ ችግኝ እንዳይነካ ይላል።

ጣቶቼን አየሁ። ቡናማ ናቸው።

በቅሎዋ እኔ ነበርኩ።

እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄጄ «አሻጥረኛው እኔ ነኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁላቸው። አሸተቱት።

«ሱረቱንስ ካወቅሁ ቆየሁ። በርበሬዬን መግደሉን ነው ያላወቅሁት።»

«ነገ ለሊቀ መንበሩ በጽሑፍ እናዘዛለሁ።»

«አንተንስ ቢያስሩህ?»

«እርስዎ ከሚታሰሩ...»

ሐሙስ ጠዋት ጉሙ ደጁን ሸፍኖት፣ ኑዛዜዬን ጽፌ ማኅተም ላሳርፍበት ስል በሩ ተንኳኳ። ሊያስሩኝ መጡ ብዬ ከፈትኩ።

ሊቀ መንበሩ ብቻውን ቆሟል። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጓድ ጸሐፊ... የእኔ አልቆብኝ ነው። ከሽታህ አውቄብሃለሁ፤ ካንተ ሱረት አንድ ቁንጥር አታጣም?»

የተዘረጋው ጣቱ ከእኔ ይብስ ቡናማ ነበር። ኑዛዜዬን ሰጠሁት። እያነበበ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ... የገዛ ጣቱን አየ... ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። የእትዬ ብርቄ ክስ እዚያው ደጃፍ ላይ ቀረ።

ሱረቱንም አልነፈግሁት፤ መጀመሪያ ግን አስታጠብሁት።