የእናቴ ሳይነስና የጎረቤት ካፕሱል

ያኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰው ሲታመም ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም ነበር። ብርቱካን ይይዛል፣ ፓፓያ ይይዛል፤ ከራሱ ሕመም የተረፈ መድኃኒት ካለውም በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል። እናቴ ሳይነሷ ሲጠናባት ከራስጌዋ የሌለ የካፕሱል ዓይነት አልነበረም። ተቀብሎ ማስቀመጥ ደግሞ የለም። «በሞቴ» ከተባለ ሰጪዋ እያየች መዋጥ ነው፣ ልክ እንደ ጉርሻ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ስለነበርኩ ይህ ነገር አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

ሕመሙ ግን እየባሰ ሄደ። ግንባሯን ይፈልጣታል፣ ከአፍንጫዋ ወፍራም መግል ይወርዳል፣ የግራ ዓይኗ ቆብ አብጦ ጠዋት ጠዋት አልገለጥ ይላል። ጤና ጣቢያ የታዘዘላት መድኃኒት አልሠራ ሲል አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ ራሷን በነጠላዋ ጠፍራ አስራ እስከ መኪና ዋሻው ድረስ አቃሰተች።

ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይኗ ከተሻገረ ዓይኗን ልታጣ ትችላለች። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ፣ በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት ለማወቅ የካልቸር ምርመራ ያስፈልጋል። ለእሷ ደግሞ እንዲህ አላት፦ «እማማ፣ እስከ ቀጠሮዎ ምንም መድኃኒት እንዳይወስዱ። ከወሰዱ ባክቴሪያው ይዳከምና ላቦራቶሪ ውስጥ አይበቅልልንም።»

በቀጠሮው ቀን «መድኃኒት ወስደዋል?» ሲላት «ኧረ አልወሰድኩም ልጄ» አለች። ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ አስገብቶ መግሉን ቀዳ። ጠበቅን። ውጤቱ ምንም አላደገም የሚል ሆነ። ሐኪሙ መግሉን በዓይኑ አይቶታልና እንደገና ጠየቃት። አቀረቀረች።

«መድኃኒት እንኳ አልወሰድኩም። ጎረቤቴ በሞቴ ብትለኝ ነው፣ ያችኑ ካፕሱል።»

አልዋሸችም። ለእሷ መድኃኒት ማለት ሐኪም ያዘዘው ነው፤ ጎረቤት ያመጣው ጥየቃ ነው። ይህ ገብቶኝም ንዴቴ እስከ ደብረ ሲና ድረስ አልበረደልኝም።

ሐኪሙ ያለ መድኃኒት ቆይታ ለሁለተኛ ናሙና እንድትመለስ ቀጥሯት ነበርና ቤት እንደደረስን «ከእንግዲህ ጠያቂ አላስገባም» አልኳት።

«የመጣን ሰው ከደጄ ከምመልስ ዓይኔ ይጥፋ» አለች።

«እሱማ ሊጠፋ ነው» አልኳት፤ ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ አወጣሁት። ፈርቼ ነበር። «እንግዲያው ጠበል እጀምራለሁ» አለች።

ጠበል የጀመረ ሰው የሐኪም መድኃኒት አብሮ አይወስድም፤ በእኛ ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ያውቃል፣ ማንም አያስገድደውም። ስንቱን ሰው ከመድኃኒቱ አፋታው እያልኩ የምነጫነጭበት ልማድ ለእኛ ላቦራቶሪ ሊያገለግል ሆነ። ሰበብ ብቻ እንዳይሆንባት ደግሞ በየጠዋቱ የምር ትጠመቅ ነበር። ካፕሱል በማምጣት ማንም የማይስተካከላት ያችው ነጋዴዋ ጎረቤታችን መጣች፤ ጠበሉን ስትሰማ ያመጣችውን ካፕሱል መልሳ በመሐረቧ ቋጠረችው። «አላህ ዓፊያ ይስጥሽ። በይ እሱን ጨርሺ፣ ከዚያ ይችን ትውጫለሽ» አለቻት። እኔ እስከ ቀጠሮው የእናቴን ዓይን ሳይ ከረምኩ። ቀላ? አበጠ? አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታይሻል? እያልኩ ስጠይቃት ሰለቻት።

በሁለተኛው ናሙና ባክቴሪያው በቀለ። የላቦራቶሪ ባለሙያው ጭንቀቴን አይቶ ባክቴሪያው የበቀለበትን ሳህን አምጥቶ አሳየኝ። እያንዳንዳቸው የተለያየ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተደርድረውበታል። በሌሎቹ ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ በቅሏል፤ በአንዷ ዙሪያ ብቻ እንደ ተጠረገ አውድማ ጸድቷል። የእናቴ መድኃኒት እሷ ናት አለኝ። ያልሠሩትን በየስማቸው ሲጠራልኝ ከእናቴ ራስጌ የማውቃቸው ነበሩ።

ለእናቴ ስነግራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ እያለኝ ነው የነገርኳት።

«ያ ሁሉ ያመጡልኝ፣ አንዱም አልሠራም?»

«አንዱም።»

እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። «ይህን ሰፈር ውስጥ እንዳታወሪ» አለችኝ።

የታዘዘላትን ወስዳ ጨረሰች። እብጠቱ ጎደለ፣ ዓይኗ ተገለጠ። ጎረቤታችን ስትመጣ የእናቴን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችና አገላብጣ አየቻት። ደስታዋ ከእኔ አያንስም ነበር።

«እኔ ብዬሽ አልነበረም? ያች መጀመሪያ የሰጠሁሽ ናት ውስጥ ውስጡን ስትሠራ የከረመችው።»

አፌን ልከፍት ስል እናቴ በዳነው ዓይኗ ገረመመችኝ።

«እሷው ናት እህቴ» አለቻት። «አንቺ ባትኖሪ ዓይኔ ጠፍቶ ነበር።»