ብረቱ እሺ እስኪል

ባለፈው ሳምንት አንድ ወታደር መኪናውን ጋራዤ አመጣ። እዚሁ ረሆቮት የተወለደ የእኛው ልጅ ነው፤ አማርኛ ጀምሮ በዕብራይስጥ ይጨርሳል። ሞተሩ አየር የሚስብበትን ማኒፎልድ ስፈታ አንዱ ቡሎን አንገቱ ላይ ቀጭ አለና ጉቶው ውስጥ ቀረ።

"አክስቴ፣ ኒግማር? አለቀለት?" አለኝ።

"አይዞህ" አልኩና ከመሳቢያዬ ሻማ አወጣሁ። ሻማውን ሲያይ የባሰ ደነገጠ። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ አንድ የክረምት ዓርብ ጭልጥ ብሎ ሄዶ ነበር።

ያኔ ውትድርናዬን ገና መጨረሴ ነው። ሠራዊቱ ውስጥ የመኪና ጥገና አስተምረውኝ እጄ ግራሶ ለምዷል። ሙሳኽ፣ ጋራዥ ማለት ነው፣ ገብቼ ልሥራ ስል አባቴ አሻፈረኝ አሉ። አባቴ ጎንደር ሳሉ ቀጥቃጭ ነበሩ። ለአገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩት እሳቸው፣ ዞር ሲሉ ቡዳ የሚባሉትም እሳቸው። ማረሻውን ተቀብሎ እጃቸውን ሳይጨብጥ የሚሄደው ብዙ ነበር። እዚህ ከመጣን በኋላ ብርቱካን ማሸጊያ ተቀጠሩ እንጂ ወደ ብረት አልተመለሱም። ግድግዳችን ላይ ሚስማር እንኳ የሚመታልን ጎረቤት ነበር።

"እኔን ብረት ያሰደበኝ ይበቃል። አንቺ ነጭ ልብስ ትለብሻለሽ" ይሉኛል። ነርስ ሁኚ ማለታቸው ነው።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ያኔማ አይጣል ነበር። አሮጌው ፒክአፓቸው በማኒፎልዱ በኩል አየር እያስገባ ሲያስል ከርሟል። እኔ እሠራዋለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። ሳቅ አሉና ተወራረድን።

"ሰንበት ሳይገባ ከተነሳ ሙሳኽሽን ግቢ። ካልተነሳ ግን የነርስ ትምህርት ቤቱ ድረስ ራሴ እወስድሻለሁ፤ ያኔ ቃል የለሽም።"

"ቤሰደር፣ እሺ አባ" አልኩ። እዚህ አገር በክረምት ፀሐይ ቶሎ እንደምትጠልቅ፣ ዓርብ ማታ ደግሞ ሰንበት እንደሚገባ ያሰበው ማን ነው?

ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ግቢው ጭቃ ጭቃ፣ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። እናቴ የሰንበቱን ዳቦ ምድጃ ውስጥ ከታለች። አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጠው መንደሪን እየላጡ ያዩኛል። ቡሎኖቹ ዝገት በልቷቸው ነበር። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ስጫን አንዱ ተሰበረ። ተጠንቅቄ ወደ ሌላው ሄድኩ፤ እሱም ተሰበረ። ማኒፎልዱን አንስቼ ሳይ ሁለት ጉቶዎች ሞተሩ ላይ ብቅ ብለው ቀርተዋል። በፒንሳ ብይዛቸው ይንሸራተታሉ፣ በመዶሻ ብመታቸው ወይ ፍንክች። እንባዬ መጣ። ፀሐይዋ ደግሞ ማዘቅዘቅ ጀምራለች፤ ሰንበት ከገባ እሳትም የለ፣ ሥራም የለ።

አባቴ ዝም ብለው መንደሪናቸውን ቢበሉ ውርርዱን ያሸንፉ ነበር። እኔ መዶሻውን ባነሳሁ ቁጥር ግን ፊታቸው ይጨማደዳል። በመጨረሻ አላስቻላቸውም።

"አትደብድቢው፤ ምን አደረገሽ?" ብለው ተነሡ።

ቧንቧው ዘንድ ሄደው እጃቸውን ዳቦ ሊቆርሱ ይመስል ታጠቡ። እሳት ሊመጣ ነውና ቤንዚን የነካውን ሁሉ ከአካባቢው አራቅሁ። ከጎረቤታችን ከቧንቧ ሠራተኛው የጋዝ እሳት መትፊያውን አስመጡኝ። ቀጥለው ወደ ቤት ተጣሩ፦ "ሻማ ስጪን!"

"የሰንበቱን ሻማ?" ብላ እናቴ ጮኸች።

"አንዱን ብቻ! አገር ቤት ቢሆን ሰም ነበረኝ።"

ጉቶውን በእሳት ቀስ ብለው አጋሉት። ቀለሙ ሲለወጥ እሳቱን አራቁና ሻማውን አስጠጉ። ሰሙ ቀለጠ፤ ወደ ታች ይፈሳል ስል ብረቱ ጠጣው። በዓይኔ እያየሁ በቡሎኑ ጥርስና በሞተሩ መሐል ገብቶ ጠፋ። ከዚያ መዶሻውን አነሡና ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ እያሉ አናቱን ይመቱት ጀመር። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል። ድንገት ድምፁ ወፈረ፤ ጉቶው ከሞተሩ ተለይቶ ለብቻው የተናገረ መሰለ።

"እሺ አለ" አሉና በፒንሳ አዞሩት። ወጣ።

ፀጉሬ ቆመ። ደስታም አልነበረም፤ ፍርሃት ነው የሚመስለው። እኚያ ብርቱካን ሲያሽጉ ውለው ማታ ወገባቸውን ይዘው የሚገቡት ሰው እኚህ ናቸው? አንድ ቤት ውስጥ አብሬያቸው ያደግሁ ልጅ አባቴን ገና ያን ቀን አየኋቸው።

"ሁለተኛው የአንቺ ነው" ብለው መዶሻውን ሰጡኝ። እንደ እሳቸው ቀስ ብዬ አጋልኩት።

"አሁን ነው፣ አባ?" እያልኩ ብጠይቅ ጆሯቸውን ነካ አድርገው ወደ ጉቶው ይጠቁሙኛል። ሻማ ጨመርኩ፣ መታሁ፣ ሰማሁ፤ እንደገና ጨመርኩ። ፀሐይዋ ባሕር ዛፎቹ ጫፍ ላይ ደርሳለች። በድንገት ድምፁ ወፈረ። እኔም ሰማሁት! አዞርኩት፤ እንደ ዳቦ ለስልሶ ወጣ። ማኒፎልዱን በአዲስ ቡሎን አስሬ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ሳያስል ተነሳ። እናቴ ከመስኮቱ "ያላ፣ ቶሎ በሉ፣ ሰንበት ደረሰ!" ትላለች።

አባቴ በጠቆረ እጃቸው የጠቆረ እጄን ጨበጡ። "እሑድ በጠዋት ሙሳኹ ድረስ አደርስሻለሁ" አሉ።

ዛሬ አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከባቡር ጣቢያው ማዶ እህቴ ዘንድ ናቸው። ባለፈው ሳምንት የወታደሩን መኪና ጉቶ አግዬ ሻማ ካጠጣሁት በኋላ ደወልኩላቸውና ስልኩን ብረቱ አጠገብ አስቀምጬ መታሁ።

"ገና ነው፤ ጨምሪለት" አሉ።

እኔም ገና መሆኑን አውቄ ነበር፤ የደወልኩት ድምፃቸውን ፈልጌ ነው። ጨመርኩና መታሁ።

"እሺ አለ!" አልን፣ ሁለታችንም እኩል።

ጉቶው ሲወጣ ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሊያመሰግነኝ እጁን ሲዘረጋ የእኔ ግራሶ ስለሆነ ክንዴን ሰጠሁት። እሱ ግን ክንዴን ትቶ መዳፌን ግጥም አድርጎ ጨበጠኝ። ቡዳ የሚለውን ቃል እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም።

"ምነው ዝም አላችሁ?" አሉ አባቴ በስልኩ።

"ልጁ እጄን እየጨበጠኝ ነው፣ አባ።"

"ከነጥቁር ግራሶው?"

"ከነጥቁሩ።"

"እሰይ" አሉ፤ ድምፃቸው ወፍሮ ነበር።