አንተ በይኝ

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ሦስት ቲያትር አለን። አንደኛው የእኛ ኮሜዲ ነው። ሁለተኛው ልጆቹ ክራርና ጊታር እየቀላቀሉ ክረምቱን ሙሉ ጆሯችንን ያደነቆሩበት ሙዚቃዊ ድራማ ነው። ሦስተኛው ታኅሣሥ ላይ የሚወጣ ነው፤ ድርሰቱ ገና አላለቀም፣ ደራሲው ግን ከወዲሁ "ታሪካዊ ሥራ" እያለ ያወራለታል። ሦስቱም የሚታዩት እዚሁ የካ ውስጥ፣ በአንድ የወጣት ማዕከል አዳራሽ ነው። በዚያ ግቢ ያለሁት ጡረተኛ እኔ ብቻ ነኝ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የበሩ ጥበቃ "ልጅዎን ፈልገው ነው አባቴ?" አለኝ። "አይ፣ ልጫወት ነው የመጣሁት" ስለው የጠረጴዛ ቴኒሱን አሳየኝ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው። ከሲግናል መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ "ቲቸር!" ብሎ ቦታ የሚለቅልኝ አላጣም። ይሄ ክፉ ነገር አይደለም፣ ጉልበቴም ያመሰግናል። መድረክ ላይ ግን ጉድ ሠራኝ። የቲያትር ቡድኑ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ የሚሰጡኝ ወይ ዳኛ ነው፣ ወይ ቄስ ነው፣ ወይ ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጢሜን እያሻሸሁ "ልጆቼ፣ ታረቁ" እላለሁ፣ መጋረጃ ይዘጋል። አንድ ጊዜማ ሬሳም ሆኜ ተጫውቻለሁ። እመኑኝ፣ ሬሳውንም "እርስዎ ጥለውን ሄዱ" ብለው ነው ያለቀሱለት!

የዘንድሮውን ኮሜዲ ሳነብ ታዲያ ዘበኛውን ወደድኩት። ታሪኩ ስለ አንዲት ምላሰኛ የቤት እመቤትና ስለ ዘበኛዋ ነው። ዘበኛው ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ይዋሻል፣ እንቁላል ይሰርቃል፤ እሷ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትሰድበዋለች። አዘጋጃችን ዩኒቨርሲቲ ቲያትር የተማረ ጎረምሳ ነው። ወደ እሱ ሄጄ "ዘበኛውን ስጠኝ" አልኩት።

"ቲቸር፣ ዘበኛው እኮ ስድብ በስድብ ነው የሚሆነው።"

"ለዚሁ ነው የፈለግኩት።"

ሳቀና ሰጠኝ። እኔም እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ቤቴ ገብቼ ማንኮራፋት ተለማመድኩ፤ ብዙም አላስቸገረኝም።

ያስቸገረችው እመቤቲቱ ናት። እሷን የምትጫወተው ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷም መገናኛ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሞባይል ትሸጣለች። ሱቋ ሄዳችሁ ብትከራከሯት ምላሷ ምን ያህል ስለታም እንደሆነ ታዩታላችሁ። እኔን ስታይ ግን ዛሬም ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ አግዳሚው ላይ ተጋደምኩ፣ ኮፍያዬን ፊቴ ላይ ደፋሁ፣ እሷ በንዴት ገባች። ማለት የነበረባት "አንተ ሰነፍ! በሩን ከፍተህ ትተኛለህ? ተነሥ!" ነው።

"አንተ ሰነፍ!" አለች፣ በጣም ጥሩ አድርጋ። "በሩን ከፍተው... ይተኛሉ? ይነሡ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንደገና ጀመርን። "አንተ ሌባ! እንቁላሉን የት አደረሱት?" ብላ አፏን በእጇ ያዘች። "አስተግፊሩላህ! ቲቸር ይቅርታ ያድርጉልኝ!" የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ፣ የእሷ ምላስ ደግሞ አክብሮት ነው የለመደው። "አንተ" የምትለዋን እንደምንም ትወጣታለች፤ ግሡ ላይ ስትደርስ አንሸራትቶ እርስዎ ላይ ይጥላታል።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ነሐሴ ነውና ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድበው እንኳን ስድብ ጩኸትም አይሰማም፤ ዝናቡ ጋብ ሲል እንጀምራለን፣ እሷ በንዴት ትገባለች፣ "ይነሡ!" ትላለች፣ ሳቅ ይሆናል። አዘጋጁ መሳቁን አቆመ። አንድ ማክሰኞ ሰብስቦን እንዲህ አለ፦ "የመኸሩ ቲያትሮች ፖስተር ቅዳሜ ማተሚያ ቤት ይገባል። እስከዚያ ካልተስተካከለ ዘበኛውን ለሌላ እሰጣለሁ። ቲቸር ደግሞ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ያለውን ዳኛ ይሆናሉ።"

"ደግሞ ዳኛ!" አልኩ። "ከወንበር ሌላ ምንም አጣህልኝ?" ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ዘበኛውን ለምን ያን ያህል እንደፈለግኩት ለማንም አልነገርኩም ነበርና።

በማግስቱ ልጅቷን ማኪያቶ ጋበዝኳት። "ከዛሬ ጀምሮ በሄድሽበት ሁሉ አንተ በይኝ" አልኳት።

"እሺ ቲቸር፣ እልዎታለሁ።"

"ወይ ጣጣ! ዱዓ ስታደርጊ ፈጣሪሽን አንተ ትይው የለም እንዴ?"

"እለዋለሁ።"

"እና እኔ ከእሱ በልጬ ነው?"

ትንሽ አሰበች። "እሱ ካርታ ፊት አቁሞ የዓባይን ገባሮች አላስቆጠረኝም" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ጠራ። ሰው የማይሰማበት ቦታ ብትጮህ ምላሷ ይፈታ ይሆናል ብዬ እንጦጦ ይዣት ወጣሁ። ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ መሐል ገባን። እርጥቡ መሬት ላይ ፌስታል አንጥፌ ተጋደምኩ። "በይ፣ የሚሰማሽ ዛፍ ብቻ ነው፤ ስደቢኝ" አልኳት። መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ ጀመረች። ቀጥላ ትንሽ ከፍ አደረገችው። በስምንተኛው ይሁን በዘጠነኛው ላይ አፏን ሞልታ "አንተ ሰነፍ! በሩን ከፍተህ ትተኛለህ? ተነሥ!" አለች። ጥርት ያለ! ራሷም ደነገጠችና ሳቀች። ደገመችው። ሠለሰችው። እኔ ጭቃው ላይ ተኝቼ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

"አንቺ!" የሚል ድምፅ ከበስተጀርባችን መጣ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጃንጥላቸውን እንደ ዱላ ይዘው ቆመዋል። "አንቺ ባለጌ! አባትሽን ነው እንዲህ የምትዪው? እግዜርን አትፈሪም?"

"እናቴ፣ አይቆጡ፣ ቲያትር ነው" አልኩ እየተነሣሁ።

"ቲያትርም ቢሆን!" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎም ደግሞ! ከነሽበትዎ ጭቃ ላይ ተንጋለው ልጅ ያሰድባሉ?" አማትበው ወረዱ።

አለቀ። የተፈታው ምላስ እዚያው ተመልሶ ታሰረ። ልጅቷ ግንድ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። "ቲቸር፣ በቃ ዳኛውን ይጫወቱ። ለእርስዎ የሚሆነው እሱ ነው። ምን አድርጎልዎት ነው ዘበኛው ዘበኛው የሚሉት?"

ልነግራት አላሰብኩም ነበር። ግን አፌ ቀደመኝ።

"ባለቤቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት" አልኳት። "ወንድሞቼ ቀድመውኛል። አብሮ አደጎቼን አንድ በአንድ ቀበርኳቸው። ልጄን እኔው ራሴ እየተቆጣሁ እርስዎ ማለት አስለመድኩት፤ ዛሬ ሲደውል 'እንዴት አደሩ' ይለኛል። በዚህ ምድር ላይ አንተ የሚለኝ አንድ ሰው የለም። ሁሉም ያከብረኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። እሷ ግን አታከብረኝም ነበር፤ ትወደኝ ነበር። ጠዋት ተነሥታ 'አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ተኝተሃል?' ትለኛለች። ያን ጊዜ እነጫነጭ ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚቆጣኝ የለም፤ እስከፈለግኩት ሰዓት እተኛለሁ። ናፍቃኛለች፣ ሌላ ምን ልበልሽ። ውሸትም ቢሆን፣ መድረክም ላይ ቢሆን፣ አንድ ሰው አንተ ይበለኝ ብዬ ነው።"

ዓይኗን ጠረገችና ቁልቁል ወረድን። ታክሲ ልንሳፈር ስንል ሱሪዬን አየችና "ቲቸር፣ ጭቃውን ይጥረጉት" አለችኝ። ይጥረጉት! እንግዲህ ዳኛ ነኝ አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቷል። የሙዚቃዊ ድራማው ልጆችም ልምምዳቸውን ትተው ሊያዩን ተቀምጠዋል። ፖስተሩን የሚሠራው ወጣት ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ የተዋንያኑን ዝርዝር ይጠብቃል። አዘጋጁ "አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማየው" አለ። አግዳሚው ላይ ተጋድሜ ኮፍያዬን ደፋሁ። ልቤ እንደ መጀመሪያ ቀን አስተማሪ ይመታል።

የጫማዋ ድምፅ መጣ። እንደ ሁልጊዜው በንዴት አልገባችም። በሩ ላይ ቆመች። ቃሉን ረስታው ነው ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ ሳትጮህ፣ አንድ ነገር ለስንት ዓመት ተናግራ እንደ ደከማት ሴት፣ እንዲህ አለች፦

"አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ተኝተሃል?"

የእኔ ተራ ነበር። ከተኛሁበት ተስፈንጥሬ፣ ኮፍያዬን ገልብጬ፣ "አቤት እትዬ!" ማለት ነበረብኝ። አልተስፈነጠርኩም። ዓይኔን እንደ ጨፈንኩ፣ አፌ ለብቻው፦

"ወዬ" አለ።

"አቤት ነው እንጂ!" ብሎ አዘጋጁ ከታች ጮኸ። "ቲቸር፣ አቤት እትዬ ነው የሚሉት! ዘበኛ ለእመቤቱ ወዬ አይልም!"

አውቃለሁ። አርባ ዓመት ግን ለአንዲት ሴት የመለስኩት እሱን ነው፤ ከሞተች ወዲህ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ልነሣ አልቻልኩም። እንባዬን እንዳያዩብኝ ኮፍያውን በሁለት እጄ ፊቴ ላይ ያዝኩት። አዳራሹ ምን እንደሆንኩ አላወቀም።

እሷ መጥታ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ድርሰቱ ውስጥ እንዲህ የሚል ቦታ የለም። ጎንበስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ተወው እሱን፤ የተሳሳትከው አንተ አይደለህም" አለችኝ። "ና ተነሥ፣ ከላይ እንጀምር።"

ተነሣሁ።